ማን ይፈርምበት?

በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩት የአዲስ አበባ ቀበሌዎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ በሚዋሃዱበት ጊዜ ነበር። ያን ዘመን የኖረ የከተማዋ ሰው «ቀበሌ 08/09» ዓይነት አድራሻ ያስታውሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የገባችው እዝባር ለነዋሪው አንዲት ጭረት ነበረች፤ ለእኛ ግን የብዙ ወራት ሥራ ሆነችብን። የቤት ቁጥር በየቀበሌው ለብቻው የተሰጠ በመሆኑ፣ ሁለት ቀበሌ ሲዋሃድ አንዱ ቁጥር ሁለት ባለቤት ይኖረዋል። ማኅደሮቹ በሲባጎ ታስረው፣ የቀሩትም በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቀው በተውሶ ፒካፕ ሲመጡ አብሬ አውርጃለሁ። በማግስቱ አንድ አዛውንት መጥተው የቤት ቁጥራቸውን ነገሩኝ። ማኅደሩን አውጥቼ ስሙን ስጠራ «ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። የእሳቸው ማኅደር የተገኘው ከሰባት ቀን በኋላ ከጆንያው ግርጌ ነው።

በዚያ ቢሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከለቀቅሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሰው ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለውጥ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያ ጆንያ ይመለሳል። በጋዜጣ የሚጻፈው ለውጥ ከላይ የሚታየው ነው፤ አዲስ መዋቅር፣ አዲስ አዋጅ፣ አዲስ ሥልጠና። እኔ ያየሁት ከታች ስለሆነ ከታች ያለውን ልጻፍ።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሰላል መውጣትና መውረድ ይከብዳቸዋል። ውህደቱ የፈጠረው መደበላለቅ ደግሞ ለአንድ ማኅደር ሦስት ጊዜ መሰላል ያስወጣ ጀመር። አንድ ሰኞ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ይዘው መጡና በማስመሪያ አምዶች አሰመሩበት። የአሁኑ ቁጥር፣ የቀድሞው ቀበሌ፣ የቀድሞው ቁጥር፣ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ መደርደሪያው፣ ረድፉ። ማንም አላዘዛቸውም። ክረምቱን ሙሉ፣ ባለጉዳይ በሚቀንስበት ሰዓት፣ ማኅደር እያወረዱ አንድ በአንድ መዘገቡ። መስከረም ላይ ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሽ ቀን የሚወስደው ፍለጋ ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ የማያቆይ ሆነ። ስለዚህ ነገር በየትኛውም ሪፖርት አንድ መስመር አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ስሞች ብዘረዝር የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቋቸዋል። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2001 ዓ.ም. ቢፒአር፣ ማለትም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሐሳቡ የተወለደው በአሜሪካ የግል ኩባንያዎች ውስጥ ነው። በየክፍሉ የተቆራረጠውን ሥራ ከባለጉዳዩ ተነሥቶ እንደገና መስፋት፣ ሦስት ሰው የሚነካካውን ወረቀት አንድ ሰው እንዲጨርሰው ማድረግ ነበር። እውነት ለመናገር፣ በጎ ነገር አምጥቶልናል። በሠራተኛና በባለጉዳይ መካከል የነበረው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ፈርሶ መደዳ ጠረጴዛ ተሠራ፤ ሰው ቆሞ ይጠብቅበት በነበረው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ግድግዳውና ወንበሩ ዳግም ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም። የክፍል ኃላፊው «የሥራ ሂደት መሪ» ተባለ፤ እኛም «ፈጻሚ» ሆንን። በመግቢያው ላይ መታወቂያ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቀለ። ደቂቃው የተሰላው በሥልጠናው ላይ «የተለጠጠ ግብ» በተባለው መንገድ ነው፤ መብራት መጥፋቱ፣ የካርዱ ማለቅ፣ የፈራሚው ስብሰባ መሄድ አልታሰበበትም። በዚያ ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ ባለጉዳይን ነገ ተመለስ ማለት ያሳፍረኝ ነበር።

የቢፒአሩ ጥናት ቀለሙ ሳይደርቅ ሥራን በአራት እይታዎች የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ቀበሌ የሚባለው እርከን በአዲስ አበባ ቀርቶ ከተማዋ 116 ወረዳዎች ሲኖሯት፣ ታፔላው፣ ማኅተሙና ቲተሩ ተቀየረ። ቀጥሎ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት የተባሉት የሠራተኛ አደረጃጀቶች፣ ከዚያም ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ አዳማ ነበር፤ የሚሄዱት ኃላፊዎች ናቸው። ሲመለሱ ሞጁሉን ለእኛ ያድሉናል። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ከባለጉዳይ ጋር የሚውለው ሰው ከሥልጠናው የሚደርሰው ያ ጥራዝ ብቻ ነበር።

ስለ ካይዘን አንድ ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ዘዴውን እወደዋለሁ። በ«ማ» ከሚጀምሩት አምስት ደረጃዎቹ የመጀመሪያው ማጣራት ነው፤ የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው መለየት። ዘመቻው ሲታወጅ መዝገብ ቤታችንን ጠረግን፣ ቀባን፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ አነሣን። በሁለተኛው ቀን ወደ ውጭ ከተጣሉት መካከል ጠርዛቸው የተበላ፣ ቆዳ የመሰለ ሽፋን ያላቸው መዝገቦች ነበሩ። ጋሼ ሲያዩአቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። የ1968 ዓ.ም. የቤት ኪራይ መዝገቦች ነበሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠው ለቀበሌ ተሰጡ። ማን በየትኛው ቤት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ብር ተከራይቶ እንደገባ የተጻፈው እነዚያ መዝገቦች ላይ ነው። ጋሼ በሁለት ክንዳቸው አቅፈው መለሷቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት እናት ከተወለዱበት የቀበሌ ቤት ሊያስወጧቸው ሲሉ፣ የአባታቸው ስም በዚያ መዝገብ አንድ ገጽ ላይ ተገኘ። ማጣራቱ ትክክል ነበር፤ ግን ምን እንደሚጣል የሚያውቀውን ሰው ማንም አልጠየቀም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

መታወቂያ የጠፋበት ሰው የፖሊስ ማስረጃና ምስክሮች ያቀርባል። በእኛ ቢሮ በዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ እንጠይቅ ነበር፤ «በቀድሞው ቀበሌ ነዋሪ መሆናቸውን ስለማረጋገጥ» የሚል። ደብዳቤው የሚጻፈው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መስኮት 3 ላይ ነው። የሚቀርበው መስኮት 5 ላይ ለእኔ ነው። በመካከሉ ኃላፊው ይመሩታል፣ መዝገብ ቤት ወጪ ያደርገዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ደግሞ ገቢ ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ቢሮ ለራሱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ደብዳቤውን ከመስኮት መስኮት የሚያመላልሰው ደግሞ ባለጉዳዩ ነው።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ሴት በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ሦስት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ፈራሚው የሉም። በሁለተኛው ቀን የአያታቸው ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም። በሦስተኛው ቀን አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና «እሺ የኔ ልጅ፣ ነገ ምጣዱን አልጥድም ማለት ነው» ብለው ሄዱ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምንድን ነው የመለስኳቸው? አውቃቸዋለሁ። የሚጋግሩት እንጀራ እኛ ቤት ይበላል።

መልሱን አውቀው ነበር፤ ፍርሃት ነው። ከውህደቱ በኋላ፣ ጋሼ ደብተራቸውን ከመጨረሳቸው በፊት፣ በተደጋገመ የቤት ቁጥር ለማይገባው ሰው መታወቂያ ወጥቶ ነበር። የፈረመበት ባልደረባችን ለሳምንታት ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሷል፤ ደመወዙም ታግዷል። ጥፋት አልነበረበትም፤ በመጨረሻም ነጻ ወጣ። ግን በጉልበት ያለ ሰው ነበር፣ ትከሻው ወድቆ ተመለሰ። ደብዳቤው የተፈጠረው በዚያ ሳምንት ነው። ቢሮ ውስጥ አላስፈላጊ የሚመስል ወረቀት ባየሁ ቁጥር ዛሬም ከጀርባው እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ አስባለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳይን መልሶ ታስሮ አያውቅም። ፈርሞ ግን ታስሯል። ይህን ሚዛን ይዞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ሥልጠና ቢሰጠው መመለሱን ይመርጣል።

ጉቦስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነበረ፤ ስለ እሱ ዝም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ግን ጉቦው የሚኖረው እዚያው ደብዳቤው ውስጥ ነው። ሦስት ቀን የሚያመላልስ ወረቀት ባለበት፣ ሦስቱን ቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚያሳጥር ሰው ዋጋ ያወጣል። ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ስንት ግምገማ ተቀምጠናል፤ ሠራተኛው ሂስና ግለ ሂስ አውርዷል፤ ደብዳቤው ግን በአጀንዳነት ተይዞ አያውቅም።

አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት በየሳምንቱ እየተሰበሰብን ቃለ ጉባኤ እንጽፍ ነበር። ቃለ ጉባኤው ካለፈው ሳምንት ይገለበጣል፤ ቀኑ ብቻ ይቀየራል። ሥራው ከአንገት በላይ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ቡድናችን ውስጥ የተመደቡት የጥበቃ ሠራተኛ ተናገሩ። የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ሃምሳ አለቃ እንላቸዋለን። «እናንተ በቀን ይህን ያህል ሰው አስተናገድን ብላችሁ ትጽፋላችሁ» አሉ። «እኔ በር ላይ ነኝ። አንዱን ሰው አራት ጊዜ እፈትሸዋለሁ። እናንተ አራት ሰው ትሉታላችሁ።»

አዲስ የመጣችው የጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ያን ቃለ ጉባኤ አንብባው ኖሯል። ከብዙዎቻችን በዕድሜ ታንስ ነበር፤ እኔም ብዙ አልጠበቅሁባትም። ሃምሳ አለቃን ጠርታ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ጭረት፣ ለተመላላሽ ክብ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን በጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሰበሰበችን። ክቦቹ ከጭረቶቹ ይበዙ ነበር። በሪፖርታችን ላይ አገልግሎታችን ከዕቅድ በላይ ነበር፤ ምክንያቱም ሰውን በመለስን ቁጥር የተስተናጋጁ ቁጥር ያድጋል። ማንም አልዋሸም። የሚቆጠረው ነገር ራሱ ነው የተሳሳተው።

ቀጥላ ሁላችንንም በየተራ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «ይህን ደብዳቤ ሳትጠይቅ ብታስተናግድ ምን ትሆናለህ?» መልሳችን አንድ ነበር፤ «እጠየቃለሁ።» «በየትኛው መመሪያ?» ክላሰር ስናገላብጥ ሁለት ቀን ዋልን። መመሪያ የለም። የተገኘው ከዓመታት በፊት በሌላ ኃላፊ የተጻፈ ሦስት መስመር ማስታወሻ ነው፤ «ለጥንቃቄ ሲባል» ይላል። ወረዳው ያን ሁሉ ጊዜ ሕዝቡን ያመላለሰው በዚያ ሦስት መስመር ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አዲስ ማስታወሻ ጻፈች። ነዋሪነትን የማረጋገጡ ሥራ ከመዝገብ ቤቱ ደብተር ላይ በመመልከት እንዲከናወን፣ ደብዳቤው ከነገ ጀምሮ እንዳይጠየቅ አዘዘች። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «በዚህ ውሳኔ ምክንያት ለሚነሣ ማናቸውም ጥያቄ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።» ፈረመች፤ ማኅተም አደረገችበት፤ ለእያንዳንዳችን ግልባጭ ሰጠችን። የእኔን ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስገባሁት። በማግስቱ እጄ የቀለለኝ ያህል ነበር። ፎርሙን አይቼ፣ ጋሼን ጠይቄ፣ ደብተሩን አይተው ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ እፈርማለሁ። አሥር ደቂቃ። በሃምሳ አለቃ ደብተር ላይ ክቦቹ እየሳሱ ሄዱ፤ እሳቸውም በኩራት ጠዋት ጠዋት ያሳዩን ጀመር።

ያደረገችውን ዛሬ ሳስበው፣ ወረቀቱን ከማስቀረቷ የሚበልጠው ፍርሃቱን ከእኛ ላይ አንሥታ በራሷ ላይ ማኖሯ ነው። በዚያ ቢሮ ካለፉት አለቆች ለባለጉዳይ የሚያዝኑ ነበሩ፤ የሚሠሩም ነበሩ። «በርቱ፣ ሕዝቡን አታጉላሉ» ይሉናል። በጽሑፍ ይስጡን ስንል ግን ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይመራል። እኛ ወደ ላይ እናያለን፤ እነሱም ወደ ላይ ያያሉ።

አሥራ አራት ወር ቆየች። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ተመደበች፤ የወረዳ አመራር በየሹም ሽሩ ይነሣል፣ ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በእሷ ቦታ የተተኩት ሰው ክፉ አልነበሩም። ማስታወሻውንም አልሻሩትም። በሦስተኛው ሳምንት ከባልደረቦቼ አንዱ መስታወቱን በጣቱ እየጠቆመ «ይህች የፈረመችው እኮ አሁን የለችም። ነገር ቢመጣ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ቀን እሱ ደብዳቤውን ጠየቀ፤ በሳምንቱ ሌላዋ፤ በወሩ መስኮት 3 ሰልፍ ነበረው። እኔስ? እኔም ጠየቅሁ። ልጅ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ የምጸጸትበት ቢኖር ይህ ነው።

የጋሼ ደብተር ግን እንደ ማስታወሻው አልሞተም። ጡረታ ሲወጡ ለተተካቸው ልጅ አስረከቡ፤ እሱም ከእሳቸው የቀጠለውን በራሱ እጅ ጻፈበት። ደብተሩ የቆየው የሚጠቅመው መጀመሪያ የሚጽፈውን ሰው ስለሆነ ነው። መሰላል የማያስወጣ ነገር ለማቆየት መመሪያ አያስፈልግም።

የክቦቹን ደብተር ደግሞ አዲሱ አመራር አልጠየቁም፤ ሃምሳ አለቃ ገጹ እስኪያልቅ ጻፉና አቆሙ።

ሌላ ዓይነት ለውጥም አይቻለሁ፤ በሕግ የመጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። አዋጁ መዝጋቢውን «የክብር መዝገብ ሹም» ብሎ ሰይሞ፣ በስሙ እንዲፈርም ሥልጣን ሰጠው። አጠገቤ ትሠራ የነበረች ልጅ ሹም ሆና ስትመደብ አቀማመጧ ሲለወጥ አይቻለሁ። ምን መጠየቅ እንዳለባት በሕግ ተጽፏል፣ ምን መጠየቅ እንደሌለባትም ከዚያው ይነበባል። አለቃ ቢቀየር ፊርማዋ አይሞትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመጣ ሰው ጥቂት ነበር፤ ትምህርት ቤቶች የልደት የምስክር ወረቀት መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ለጉዳያቸው በውክልና ማስረጃ ሲያስጠይቁ ሰልፉ መንገድ ደረሰ። ያኔ ተጨማሪ ሠራተኛ ተገኘ፣ ኮምፒውተር ተገኘ።

አሁን ዘመኑ የፋይዳ ነው፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀምሯል። ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እናት አንድ ቦታ ገብተው ጨርሰው ሲወጡ ይታየኛል። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የጣት አሻራው አልነበብ ሲል፣ ስሙ በአንድ ፊደል ሲሳሳት፣ ማሽኑ የማያውቀው ሰው ፊት ለፊት ሲቆም፣ «እኔ አረጋግጫለሁ» ብሎ የሚፈርመው ሠራተኛ ማን ነው? በማግስቱስ ማን አብሮት ይቆማል? ይህን በጽሑፍ የመለሰ መሥሪያ ቤት ካለ፣ እዚያ ለውጡ ሥር ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ማስረጃ ወደዚያው ወረዳ ሄድኩ። ከሃምሳ አለቃ ቦታ ሌላ ሰው ነበር። መስኮት 5 ላይ የተቀመጠችው ወጣት አላወቀችኝም፤ እኔም ማንነቴን አልነገርኳትም። የቤት ቁጥሬን ስነግራት ቀና ብላ «የቀድሞ ቀበሌዎ ስንት ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው። ስክሪኑ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ስለነበር አምዶቹን አየኋቸው፤ የአሁኑ ቁጥር፣ የቀድሞው ቀበሌ፣ የቀድሞው ቁጥር፣ ስም፣ መደርደሪያ፣ ረድፍ። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተዛባም።

«ይህን ማን አሠራሽ?» አልኳት።

«ከእኔ በፊት የነበረው ነው የጫነው። ደብተር ነበረ አሉ» አለችና ማኅደሩን ልታወጣ ተነሣች።